የድንኳኑን ቪዲዮ አትቁረጡት

ኮሎምበስ ውስጥ የምታውቁትን አንድ የሐበሻ ቤት አስቡ። ሳሎን ግቡና ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን መሳቢያ ክፈቱ። ከድሮ ቻርጀርና ከሪሞት ኮንትሮል ሥር ዚፕ ያለው የሲዲ ቦርሳ ታገኛላችሁ። ዲስኮቹ ላይ በማርከር «ሠርግ 1»፣ «ሠርግ 2»፣ «መልስ»፣ «ክርስትና» ተብሎ ተጽፏል። የሚያጫውታቸው ዕቃ ግን ቤቱ ውስጥ የለም። ዲቪዲ ማጫወቻው ከዓመታት በፊት ተጥሏል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2008 ያለ ዲስክ ማስገቢያ ማክቡክ ኤርን ካወጣ ወዲህ ደግሞ ሌሎቹም ተከትለውታል፤ ዛሬ እኛ ይዘን ክፍል የምንገባው ላፕቶፕ ዲስክ የሚባል ነገር አያውቅም።

ባለፈው የገና ዕረፍት እማዬ ከዚያ ቦርሳ አንዱን አወጣችና «ይቺን ስልኬ ላይ ጫኚልኝ» አለችኝ። የአክስቴ ሠርግ ነው፤ 1998 ዓ.ም.፣ ካሳንቺስ። ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር። ዛሬ የምጽፈው ያን ቀን የሠራሁት ስሕተት ስላስተማረኝ ነገር ነው። በአጭሩ፦ የቤተሰብ ዲስክ ወደ ስልክ ስትገለብጡ አትቁረጡ። በተለይ የሚሰለቸውን ክፍል አትቁረጡ።

ሠርጉ ሲደገስ እኛ እዚህ ነበርን። ዲቪ ደርሶን ከመጣን ዓመት አልሞላንም ነበርና እማዬ ለእህቷ ሠርግ የምትሄድበት ገንዘብ አልነበራትም። «በዲቪ መጣን፣ ዲቪዲው ተከተለን» እያለች ዛሬም ትቀልዳለች። ዲስኩ ከወራት በኋላ በሰው እጅ፣ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ደረሰ። ማጫወቻው ውስጥ ሲገባ ግን ምስሉ ቀለም አጥቶ ይንከባለል ጀመር። ያኔ ኢትዮጵያ ትጠቀም የነበረው ፓል የተባለውን የቴሌቪዥን ሥርዓት ነው፤ አሜሪካ ደግሞ ኤንቲኤስሲን። ሁለቱንም የሚያነብ ማጫወቻ እስኪገኝ ድረስ እማዬ የእህቷን ሠርግ በስልክ ወሬ ብቻ ነበር የምታውቀው።

እኔ ይህን ሁሉ ዘንግቼ በዩኤስቢ የሚሰካ ዲቪዲ ድራይቭ ተዋስኩ። ሁለት ሰዓት የሚጠጋውን ቪዲዮ ከፍቼ ጥሩ ጥሩውን መረጥኩ፦ ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ፣ ኬኩ ሲቆረስ፣ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ። ስድስት ደቂቃ ሆነ። የቀረው በአብዛኛው ድንኳኑ ነው። ታውቁታላችሁ፤ ካሜራው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፣ መብራቱ ፊታቸው ላይ ሲበራ ሰዎቹ ጉርሻቸውን ይዘው ይደነግጣሉ፣ ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ። አርባ ደቂቃ ሰው ሲበላ ማን ያያል ብዬ ዘለልኩት።

እማዬ ስድስቱን ደቂቃ አይታ ጨረሰችና «ሌላውስ?» አለች።

«የቱ ሌላ?»

«ሰዎቹስ?»

ዲስኩን መልሼ ከፈትኩ። ድንኳኑ ላይ ስንደርስ በየጠረጴዛው አቁሚ ትለኝ ጀመር። እኚህ የእድሩ ዳኛ ናቸው። ይቺ አንቺን ስወልድ አራስ ቤት ገንፎ ያበላችኝ ናት። ይሄ ልጅ አሁን ደቡብ አፍሪካ ነው። ከዚያ ካሜራው ወደ ጓዳው በር ዞረ፤ አያቴ ትሪ ይዛ ብቅ አለችና ቀራጩን «አንተ ልጅ፣ እሱን አስቀምጥና መጀመሪያ ብላ!» አለችው። ከአሥር ሰከንድ አይበልጥም። አያቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ድምፅዋ የተቀረጸበት ሌላ ነገር ቤታችን ውስጥ የለም። እኔ ደግሞ ያንን ነበር የቆረጥኩት።

ሌላም ነገር አለ። ድንኳኑ የተተከለበት መንገድ ዛሬ የለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የኮሪደር ልማቱ ፒያሳና ካሳንቺስ ውስጥ ብዙ ሰፈር ሲያፈርስ የአያቴ ጎረቤቶች በየአቅጣጫው ተበተኑ። ስለ ልማቱ የየራሳችን አስተያየት ይኖረናል፤ እዚህ አልከራከርበትም። የምለው ግን የዚያን ሰፈር አጥር፣ በርና ሰው በአንድ ላይ የሚያሳየው ያ አሰልቺ የድንኳን ቪዲዮ መሆኑን ነው። ሙሽራዋ በየፎቶው አለች፤ ጎረቤቶቹ ያሉት እዚያ ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ሁለት ሥራዎችን አንለይም የምለው። ዲስኩን ማዳን አንድ ሥራ ነው፤ ስልክ ላይ እንዲታይ ማድረግ ሌላ ሥራ ነው። አብዛኞቻችን ሁለተኛውን ሠርተን የመጀመሪያውን የጨረስን ይመስለናል።

ማዳኑ ይቅደም። በቤት ወይም በቪዲዮ ቤት የተቀዳ ዲስክ ከፋብሪካ ታትሞ እንደሚወጣው አይደለም። ምስሉ ያለው በሌዘር በተነካ ስስ የቀለም ንብርብር ላይ ነው፤ ንብርብሩ ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት ይጎዱታል። ከመሥራቱ በፊት ከመሐል ወደ ጠርዝ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፤ ክብ እየዞራችሁ አይሁን። ከዚያ ሙሉውን ዲስክ እንዳለ አይኤስኦ ወደሚባል አንድ ፋይል ገልብጡ። ዊንዶውስ ላይ ኢምግበርን፣ ማክ ላይ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚመጣው ዲስክ ዩቲሊቲ ይሠራዋል። አንድ ድራይቭ አላነብም ካለ ሌላ ድራይቭ ላይ ሞክሩ፤ አንዱ ያቃተውን ሌላው የሚያነብበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለስልክ የሚሆነው ቅጂ የሚሠራው ከዚያ ፋይል ነው። ሃንድብሬክ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ ነው። ዲስኩ ውስጥ ያሉትን የቪኦቢ ፋይሎች አንድ በአንድ አትስጡት፤ ዲቪዲ ቪዲዮውን እስከ 1 ጊጋባይት በሆኑ ቁርጥራጮች ስለሚያስቀምጥ ምርቃቱ መሐል ላይ ይቋረጥባችኋል። ሙሉውን ፋይል ስጡት። ከአገር ቤት የመጣ ፓል ዲስክ 720 በ576 ነጥብ፣ በሰከንድ 25 ምስል ነውና «ፋስት 576ፒ25» የሚለውን ምረጡ፤ ለአሜሪካ የተዘጋጀውን 480 ከመረጣችሁ ያለ ምክንያት ጥራት ታጣላችሁ። ዲኢንተርሌስ የሚለውንም አብሩ፤ ካልበራ እስክስታ ሲመታ የሰው ትከሻ ማበጠሪያ ይመስላል። የሚወጣው ኤምፒ4 ፋይል አይፎኑም አንድሮይዱም ላይ ይከፈታል።

«ሁለት ሰዓት ማን ያያል? ቦታስ ከየት ይመጣል?» የሚል አይጠፋም። ቦታውን እናስላው። አንድ ተራ ዲቪዲ ቢሞላ 4.7 ጊጋባይት ነው። መቶ ዲስክ ቢኖራችሁ 470 ጊጋባይት፤ የአንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ማን ያያል ለሚለው ደግሞ፣ ስድስት ደቂቃዋን ቅጂ ለጓደኛ ማሳያ ሥሩ፤ እኔም አለችኝ። ሙሉው ግን አብሮ ይኑር። ምን እንደሚጠቅም ዛሬ የምንወስነው እኛ ነን፤ እኛ ደግሞ በድንኳኑ ውስጥ ካሉት ሰዎች አንዱን አናውቅም።

ገንዘብ ከፍሎ ማሠራትም ይቻላል፤ ጊዜ ለሌለው ሰው ነውር የለውም። ነገር ግን ባለ ሱቁ «እኚህ ማን ናቸው?» ብሎ እናታችሁን አይጠይቅም። የሥራው ትልቁ ክፍል እሱ ነው። ቪዲዮውን ከእናታችሁ ወይም ከአባታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እዩ፤ ደቂቃውን፣ ስሙን፣ ዝምድናውን በተራ የጽሑፍ ፋይል ጻፉና ከቪዲዮው ጋር አስቀምጡ። ስም የሌለው ፊት ከሃያ ዓመት በኋላ ለልጆቻችሁ የማንም ፊት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሙሉውን ዩቲዩብ ላይ አውጥታችሁ «ዳነ» አትበሉ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ለጎረቤታቸው ሠርግ መጡ እንጂ ለዓለም ሊታዩ አልመጡም፤ የልቅሶ ቪዲዮማ ጭራሽ አይነካም። ከዚያም በላይ ከበስተጀርባ ባለው ዘፈን የተነሣ ቪዲዮው ሊታገድ ወይም ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። ኩባንያም ይመጣል ይሄዳል። እዚሁ ኮሎምበስ ውስጥ የነበረው ኮምፒዩሰርቭ እ.ኤ.አ. በ1987 ጂአይኤፍ የተባለውን የምስል ዓይነት አወጣ፤ አሠራሩንም ማንም እንዲጠቀምበት አሳተመ። ድርጅቱ በ1998 ለኤኦኤል ተሸጠ፤ ጂአይኤፉ ግን ዛሬም በየቡድን ቻታችን ይጨፍራል። ከዚህ የምወስደው ትምህርት፣ ፋይሉ ማንም የሚከፍተው ዓይነት ይሁን፣ ቅጂውም በእጃችን ይኑር የሚል ነው። አንዱ ኮሎምበስ፣ አንዱ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ቢቀመጥ መልካም ነው።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። በየሴሚስተሩ የቡናና የምግብ ዝግጅት አለን። ከነዚህ አንዱን የዲስክ ቀን እናድርገው። ሁለት ሦስት ድራይቭ ብንገዛ፣ እያንዳንዳችን አንድ የሲዲ ቦርሳ ይዘን ብንመጣ፣ ቡናው እስኪፈላ ብዙ ዲስክ ይገለበጣል። የቻሉ እናቶችና አባቶችም ይምጡ፤ የክሊቭላንድ አቬኑና የሞርስ ሮድ ቤቶች የሚተዋወቁትን ያህል በየቪዲዮው ውስጥ የማን ዘመድ ከማን ጋር እንደተቀመጠ ስናይ የምንገረም ይመስለኛል። ምረቃችሁን የጨረሳችሁ ወንድሞችና እህቶችም፣ ወላጆቻችሁ ቤት የቀረውን ቦርሳ አስታውሱ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

የእኛ ቤት ዝርዝር እስካሁን 43 ስም አለው። እማዬ ያላወቀቻቸውን አክስቴ በስልክ ነገረችን። አራት ሰዎች ግን ሁለቱም አላወቋቸውም፤ ከጓዳው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ተቀምጠው እየሳቁ ይበላሉ። አያቴ ታውቃቸው ነበር።