የጓሳ ሥዕል ለጓሳ ሰው

አዲስ አበባ ውስጥ የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ ባየሁ ቁጥር ልቤ ወደ ሰሜን ሸዋው መንዝ ይሄዳል። በመንዝ የሣር ምድር በጓሳ ጎፈሩን ነፋስ የበተነው ጭላዳ ዝንጀሮ፣ በውርጭ የቆመው ቀይ ቀበሮ፣ የበግ ጠጉር ባና የደረበ እረኛ፤ ካሜራ እነዚህን ማንሳት ከጀመረ ቆይቷል። ከተመልካቹ መካከል የማጣው የመንዝን ሰው ነው። ያ ሣርና ያ አውሬ እስከ ዛሬ የቆዩት ግን አባቶቹ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳን ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ስለጠበቁ ነው። ከፎቶ አንሺዋ ከአይዳ ሙሉነህ ጥረት የተወለደው የፎቶግራፍ ፌስቲቫል፣ አዲስ ፎቶ ፌስት፣ በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር አፍሪካን በራሳችን ዐይን እንይ የሚል ትልቅ ሐሳብ ይዞ ነበር፤ እኔም ከልቤ እደግፈዋለሁ። ታዲያ የገበሬው ዐይን የእኛ ዐይን አይደለም ወይ? “ዘመናዊ ሥዕል ለባላገር አይገባውም” የሚሉ አሉ። አልቀበላቸውም። ጥቁሩን የበግ ጠጉር ከነጩና ከቡናማው አስማምታ የምትፈትል የመንዝም ሆነች የግሼ እናት ስለ ቀለም የምትለው አላት። በአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን ባለቀለም መስታወት የሠሩት ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌም የዚሁ የሰሜን ሸዋ ደጋ፣ የአንኮበር ልጅ ነበሩ። ስለዚህ ፎቶ አንሺዎች ሆይ፣ ከጓሳ ያመጣችሁትን ምስል ወደ መንዟ ከተማ ወደ መሐል ሜዳ መልሳችሁ በገበያ ቀን ስቀሉት። አንተም አንባቢዬ፣ ለሕክምና ወይም ለዘመድ ጥየቃ ከመንዝ የመጣ እንግዳ ቤትህ ካለ፣ ሳይመለስ አንድ ዐውደ ርእይ ይዘኸው ግባ።