መስመሩ ተዘርግቷል፤ ብስክሌተኛውስ?

ከመስቀል አደባባይ በእስጢፋኖስ በኩል ወደ ካዛንቺስ የሚያወጣው መንገድ ማለዳ ላይ ፋታ የለውም። ሚኒባሱና አውቶቡሱ ተሳፋሪ ያራግፋሉ፤ ሠራተኛው ከጠዋቱ 2፡30 በፊት ከቢሮው ለመድረስ ይጣደፋል፤ አብዛኛውም የሚጓዘው በእግሩ ነው። ከእግረኛው መንገድ ጎን ለብስክሌት የተለየ መስመር ተዘርግቷል። በሥራ ቀን በዚህ መስመር የሚያልፈው ብስክሌተኛ ግን ከእግረኛው ብዛት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። መንገዱ ተሠርቶ ሳለ ተጠቃሚው ለምን አነሰ? የመልሱ ዋና ክፍል የሚገኘው ከአስፋልቱ ይልቅ በመኖሪያና በሥራ ቦታ መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው።

ለብስክሌት ቦታ የመስጠቱ ሐሳብ የትናንት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. “መንገድ ለሰው” በሚል መሪ ቃል የተወሰኑ ጎዳናዎች በተመረጡ እሑዶች ለተሽከርካሪ ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌተኛ መከፈት ጀመሩ። ከተማዋ ለዐሥር ዓመታት ባወጣችው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂም ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የእግረኛ መንገድና 200 ኪሎ ሜትር የብስክሌት መስመር ለመገንባት ታቅዷል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመርን የዋና ዋና ጎዳናዎች አካል አደረገው። በ2017 ዓ.ም. ሁለተኛው ምዕራፍ ሲቀጥል በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ካዛንቺስ ከሥራው ማዕከላት አንዱ ሆነ።

የብስክሌት ጥቅም በቀላል ስሌት ይታያል። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ዕለታዊ ጉዞ ከግማሽ በላዩ የእግር ጉዞ ነው። ከሥራ ቦታው አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር ሰው በእግሩ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር በሚጓዝ ብስክሌት ግን 20 ደቂቃ ይበቃዋል። በደርሶ መልስ 80 ደቂቃ ያተርፋል፤ የታክሲ ሰልፍም፣ የታክሲ ወጪም ይቀርለታል። ስለዚህ ብስክሌት በመጀመሪያ የሚጠቅመው መኪና ያለውን ሳይሆን በእግሩ የሚሄደውን ነው።

ይህ ስሌት የሚሠራው ርቀቱ አጭር ሲሆን ነው። የካዛንቺስ ስያሜ ራሱ ስለዚህ ቁም ነገር ይናገራል። ስሙ የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው “ኢንቺስ” ከተባለው የጣሊያን ተቋም ነው፤ “ካዛ ኢንቺስ” በሕዝቡ አንደበት ካዛንቺስ ሆነ። ሰፈሩ ሲወጠን የቢሮ ሠራተኛ ከነቤተሰቡ የሚያድርበት ነበር። በኋላም በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ፣ ሆቴሎችና መሥሪያ ቤቶች በዙሪያው ሲበዙ፣ የጥበቃው፣ የጽዳቱ፣ የምግብ ቤቱ ሠራተኛና የጉሊት ነጋዴዋ ከዚያው ከጎናቸው ይኖሩ ነበር። ለብዙዎቹ ሥራ ቦታ ማለት ጥቂት መቶ ሜትሮችን መራመድ ነበር።

መልሶ ማልማቱ ያረጁና የተፋፈጉ ቤቶችን አንሥቶ፣ ነዋሪዎችን በኮንዶሚኒየምና በከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ በሚገኘው ገላን ጉራን በመሳሰሉ መንደሮች አስፍሯል። የተሻለ ቤት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ሥራው ካዛንቺስ የቀረ ሰው ጉዞው ረዝሟል፤ በብስክሌት ብቻ የሚደፈርም አይደለም። የብስክሌት መስመሩ የተዘረጋው በአቅራቢያ የሚኖረው ሰው በተመናመነበት ወቅት ነው።

በመስኖ ሥራ የታወቀ ችግር አለ። ዋናው ቦይ በኮንክሪት ተሠርቶ ሲያበቃ፣ ውኃውን ከቦዩ ወደ ማሳ የሚያደርሱት ንዑሳን ቦዮች ካልተቆፈሩ ገበሬው ውኃው በአጠገቡ ሲያልፍ ያያል እንጂ አያጠጣም። የብስክሌት መስመርም እንዲሁ ነው። በዋናው ጎዳና ያማረው መስመር ከሰፈር መግቢያና ከመሥሪያ ቤት ደጃፍ ጋር ካልተያያዘ፣ ብስክሌተኛው የጉዞውን መጀመሪያና መጨረሻ ከመኪና ጋር እየተጋፋ ለማለፍ ይገደዳል። ብስክሌቱን ከስርቆት ተጠብቆ የሚያቆምበት ስፍራም ያስፈልገዋል። በዚህ ላይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ዳገት መውጣት አለ፤ ላቡን የሚታጠብበት ቦታ የሌለው ሠራተኛ ከስብሰባ በፊት ፔዳል መምታትን አይመርጥም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተተወ ወዲህ ደግሞ፣ ከውጭ የሚገባው ብስክሌትና መለዋወጫው ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ ቀላል ወጪ አይደለም።

የባሕር ዳር ተሞክሮ ከዚህ ተቃራኒ ነው። በጣና ዳር በሜዳማ ስፍራ የተቆረቆረችው ከተማ በብስክሌተኛዋ የታወቀችው ልዩ መስመር ሳይሠራላት በፊት ነው። ተማሪው፣ መምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው በብስክሌት የሄዱት ሜዳው ስለተመቻቸውና ቤታቸው ከሥራቸው ስላልራቀ ነው። በባሕር ዳር ብስክሌቱ መስመሩን ቀደመ፤ በአዲስ አበባ መስመሩ ብስክሌቱን ቀደመ። የኮሪደር ልማት እያካሄዱ ላሉ የክልል ከተሞች ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ መስመር ሲዘረጋ ነዋሪው ከሥራው እንዳይርቅ ማሰብ የዕቅዱ አካል ሊሆን ይገባል።

የካዛንቺስ መስመር ግን ከንቱ ይቀራል ማለት አይደለም። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ቀላል ባቡር የደቡብ መስመሩ ከቃሊቲ ተነሥቶ መስቀል አደባባይን ያቋርጣል። ከዚያ እስከ ካዛንቺስ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቃሊቲ ጣቢያ የተጠበቀ ማቆሚያ፣ በመስቀል አደባባይ ደግሞ በአነስተኛ ዋጋ የሚከራይ ብስክሌት ቢኖር፣ ከደቡብ ጫፍ የሚመጣው ሠራተኛ ረጅሙን መንገድ በባቡር፣ አጭሩን በብስክሌት ሊጨርሰው ይችላል። አገሪቱ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላ ወደ ኤሌክትሪክ ፊቷን ባዞረችበት ጊዜ፣ ዳገቱን የሚያቀልለው የኤሌክትሪክ ብስክሌትም በዚሁ ፖሊሲ ውስጥ ቦታ ይገባዋል።

እስካሁን የብስክሌት መስመር ውጤት ሲነገር የሚጠቀሰው የኪሎ ሜትር ብዛት ነው። ርዝመቱ የግንባታው መለኪያ ነው። የአገልግሎቱ መለኪያ ግን ከጠዋቱ 2፡30 በፊት በዚያ መስመር ሥራው የሚደርሰው ሰው ቁጥር ነው፤ በተለይም ትናንት ካዛንቺስ ይኖር የነበረው፣ ዛሬም እንጀራው ካዛንቺስ ያለው ሰው።