ኖት መገልበጥ መጻፍ አይደለም!

እስቲ ዛሬ ሳንሸፋፈን እንነጋገር። ይህ ጽሑፍ መምህራን ወዳጆቼን ሊያስቆጣ ይችላል። ይሁን።

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አገር ይጮኻል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ወደ 896 ሺህ ተማሪዎች ውስጥ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ። በ2016 5.4 ሲሆን «ተሻሻለ» ተባለ። ከዚያ ኩረጃው፣ ስልኩ፣ ቲክቶኩ፣ የወላጅ ቸልተኝነት ሲወቀስ ይከርማል። አንድ ጥያቄ ግን ብዙ ሰው ሲያነሳ አልሰማም፦ ለመሆኑ ልጁ ጥያቄውን አንብቦ ተረድቶታል ወይ?

እኔ የማስተምረው እዚሁ ድሬዳዋ፣ 9ኛ ክፍል ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ከሚገቡት መካከል አንድ አንቀጽ ሳይደነቃቀፉ ማንበብ የማይችሉ አሉ። ሰነፎች አይደሉም። የድሬ ልጅ ከሳቢያን ተነስቶ መጋላ እስኪደርስ አንዲት ባጃጅ ውስጥ በአማርኛ ቀልዶ፣ በኦሮምኛ ተከራክሮ፣ በሶማሊኛ ሂሳቡን ከፍሎ ይወርዳል። ሦስት ቋንቋ በአፉ የሚያገላብጥ ልጅ ወረቀት ሲሰጡት ጭጭ የሚለው ጭንቅላት አጥቶ ነው?

አይደለም። ስላላስጻፍነው ነው።

«ኧረ ደብተሩ ሙሉ ነው!» ትሉኛላችሁ። አዎ ሙሉ ነው። ግን የማን ጽሑፍ ነው? መምህሩ ከመጽሐፍ ሰሌዳ ላይ ይገለብጣል፣ ተማሪው ከሰሌዳ ደብተር ላይ ይገለብጣል፣ ሱፐርቫይዘሩ ደብተሩ መሙላቱን አይቶ ይፈርማል። ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ከሦስቱ ያሰበ ግን የለም። በግንቦት ሙቀት፣ ከሰዓት በኋላ፣ 40 ደቂቃ ሙሉ ኖት ማስገልበጥ ደግሞ ልጅ ማስተኛት ነው። ፈተና ሲመጣ ምርጫ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። ብሔራዊ ፈተናውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ 12 ዓመት ተምሮ ከራሱ አፍልቆ አንድ ሙሉ ገጽ ሳይጽፍ ሊጨርስ ይችላል። ኋላ ማመልከቻ አምጣ ሲባል በሰርተፊኬቱ ላይ ገንዘብ ጨምሮ ማመልከቻ ጸሐፊ ፍለጋ ይዞራል።

«ይሄ የአንደኛ ደረጃ ሥራ ነው፣ እኔ ሃይስኩል ነኝ» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ሥሩ እዚያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ፊደል በቅጡ ሳይለዩ በነፃ ዝውውር የሚያልፉ ልጆች አሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ግን ልጁ አሁን ያለው እኛ ፊት ነው። ወደ 2ኛ ክፍል እንመልሰው? ሐኪም «በሽታህ ከልጅነትህ የመጣ ነው» ብሎ በሽተኛ ከበር አይመልስም እኮ!

«70 ተማሪ ባለበት ማን ያርማል?» ይሄ ግን የምር ጥያቄ ነውና በቁጥር እንየው። አምስት ክፍል የሚይዝ መምህር 350 ደብተር አለበት። ለአንዱ 3 ደቂቃ ቢሰጥ 17 ሰዓት ተኩል ነው። አይቻልም። ታዲያ ሁሉንም አርም ያለው ማነው? በሳምንት ከየክፍሉ 10 ደብተር ብንሰበስብ 50 ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል። በ7 ሳምንት ሁሉም ይዳረሳል። የቀሩት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይተራረሙ፤ አንድ ነገር ብቻ እያዩ። ዛሬ ዐረፍተ ነገሩ ማሰሪያ አንቀጽ አለው ወይ? በሚቀጥለው አራት ነጥቡ ቦታው ላይ ነው ወይ? ደብተሩን ከላይ እስከ ታች በቀይ ማቅላት ማረም አይደለም፤ ልጁ ቀዩን ሲያይ ይዘጋዋል።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» ለምትሉ፣ ከጠመኔና ከወረቀት በቀር ምንም የማይጠይቁ አራት ነገሮች፦

1. የክፍለ ጊዜው የመጀመሪያ 10 ደቂቃ ለንባብ ይሁን። ጥንድ ሆነው፣ ጎበዙ አንድ አንቀጽ ሲያነብ ሌላው በጣቱ ይከተል፤ ከዚያ ያንኑ አንቀጽ ራሱ ያንብበው። የሚደነቃቀፈውን ልጅ 70 ሰው ፊት አቁሞ ማስነበብ ይቅር። ማሳፈር እንጂ ማስተማር አይደለም።

2. አንድ አንቀጽ በዐረፍተ ነገር ቆራርጡና አደባልቃችሁ ለቡድን ስጡ። ቅደም ተከተሉን ያስተካክሉ። «ይሄ ለምን ቀደመ?» ብለው ሲከራከሩ ያኔ ነው በትክክል የሚያነቡት።

3. ከባጃጅ ጀርባና ከሱቅ ማስታወቂያ ላይ ጽሑፍ ለቅመው ይምጡ። የፊደል ስህተት ካለው ያርሙ። አንዱን ጥቅስ መርጠው፣ የሚስማሙበትን ወይም የማይስማሙበትን ምክንያት በአምስት ዐረፍተ ነገር ይጻፉ።

4. ጠይቀው ይጻፉ። ይህቺ ከተማ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተወለደች ናት። የምድር ባቡር ጡረተኞች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ልጁ ሄዶ አንዱን አባት ያናግር። በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ጠይቆ በአማርኛ ይጻፈው። ያኔ ሦስቱ ቋንቋ ሸክም መሆኑ ቀርቶ ስንቅ ይሆነዋል።

«ግብዓት የለም» አትበሉኝ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስንት አዋቂ ነው ፊደል ያስቆጠረው! ማስተማሪያ ቋንቋዎቹም እያደር 15 ደርሰው ነበር። ያኔ ከዛሬ የተሻለ ሀብት ነበረን እንዴ?

ደመወዛችን ወር አያደርስም፣ አውቃለሁ፤ እኔም በዚያው ነው የምኖረው። መብታችንን እንጠይቅ፣ አብረን እንጩህ። የደመወዙን ዕዳ ግን ልጁ አይክፈል። «በዲፕሎማህ ማን ጠየቀህ?» የምትሉኝም አትጠፉም። ዲፕሎማዬን ተዉትና ሐሳቡን ሞግቱ።

ለትምህርት አመራሮች፦ ሱፐርቪዥን ስትመጡ የተሞላ ደብተር አትቁጠሩ፤ ተማሪው ራሱ የጻፈውን አንድ አንቀጽ አሳዩን በሉ። እናንተ በምታወጡት ፈተና ላይም ከምርጫው ጎን አንድ አንቀጽ የሚያስጽፍ ጥያቄ ጨምሩ። ያልተፈተነ ነገር ክፍል ውስጥ እንደማይሰጥ እናንተም ታውቃላችሁ።

ለወላጆች፦ ማታ ደብተሩን ግለጡና «ከዚህ ውስጥ አንተ ያሰብከው የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚያሳያችሁ አንድ መስመር ካጣ፣ በነጋታው ትምህርት ቤት መጥታችሁ እኛን ጠይቁን።