ቀድሞ ዋጋ የሚጠራው ለምን ገዢው ይሆናል?

በጎጃም፣ በደብረ ኤልያስ የእህል ገበያ ማንም የማይቃወመው አንድ ልማድ አለ፤ ዋጋ የሚጠራው ገዢው ነው። ገበሬው ዓመት ሙሉ የለፋበትን ስንዴ በአህያ ጭኖ ይመጣል። ነጋዴው ጆንያውን ፈትቶ እጁን እስከ ክርኑ ይሰዳል፤ ከሥር አንድ ጭብጥ ዘግኖ ያወጣና ከመዳፍ መዳፍ እያገላበጠ እፍ ይልበታል። አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ ድርቀቷን ይፈትሻል። ከዚያ «አያ፣ ዛሬ እኮ ገበያው ቀዝቅዟል» ይልና ቁጥሩን ይጠራል። ክርክሩ የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው፤ እኔ ግን አብዛኛው ጉዳይ በዚያች ቅጽበት አልቋል እላለሁ።

ነጋዴው ኩንታሉን 4,000 ብር አለ እንበል። ገበሬው 4,500 ይላል፤ ሲጓተቱ ቆይተው 4,200 ላይ ይስማማሉ። ሻጩ 200 ብር አስጨመርኩ ብሎ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል። ስንዴው 5,000 ያወጣ እንደነበር የሚጠይቅ የለም፤ ያ ቁጥር በንግግሩ ውስጥ አልተነሣማ። «ዋናው ተከራክሮ መሸጥ ነው» የሚለው የአገራችን እምነት የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ተከራካሪው ሌላው በተከለው ቁጥር ዙሪያ ሲመላለስ ውሎ የራሱን ዋጋ ያወጣ ይመስለዋል።

ይህ የገበሬ የዋህነት አይደለም። አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የዕጣ መንኮራኩር በሰዎች ፊት ያሽከረክሩ ነበር። መንኮራኩሩ 10 ወይም 65 ላይ ብቻ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነው። ከዚያ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ የአፍሪካ አገሮች ድርሻ በመቶ ስንት እንደሆነ ጠየቋቸው። 10 የወጣላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 ሆነ፤ 65 የወጣላቸው ደግሞ 45። የዕጣ ቁጥር ከጥያቄው ጋር ምንም ዝምድና እንደሌለው እያወቁ እንኳ አእምሯቸው ከእሱ ርቆ መሄድ አልቻለም። የተማረ ሰው በዕጣ ቁጥር ከተጎተተ፣ ገበያውን አውቃለሁ የሚል ነጋዴ ፊት ለፊት ቆሞ የጠራው ቁጥር ምን ያህል ይጎትት?

ችግሩ የአእምሮ ሳይሆን የዕዳ ነው የሚሉኝ ይኖራሉ። የማዳበሪያ ዕዳና የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ ያለበት ሰው እህሉን መልሶ ጭኖ መሄድ አይችልም ይላሉ። እውነት ነው፤ ዕዳ የመጠበቂያ ጊዜን ይነጥቃል። ነገር ግን ዕዳ የሌለበት፣ ጎተራው ሙሉ የሆነ ገበሬም ገበያ ሲመጣ «በስንት ትገዛለህ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ይህን ያስገደደው ችግር አይደለም፤ ልማድ ነው። ልማድን ደግሞ መተው ይቻላል።

የሚያስቆጨኝ የጎጃም ሰው የቁጥርን ጉልበት ጠንቅቆ ያውቅ የነበረ መሆኑ ነው። ከጣሊያን በኋላ አዲስ የመሬት ግብር ሲታወጅ አሻፈረኝ ብሎ፣ በ1927 ዓ.ም. በነበረው ግብር ልክ እንዲከፍል ተፈቀደለት። መንግሥት በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አውጆ ገማቾችን ሲልክ ሞጣና ቢቸና አመፁ። ገማች መሬታችንን አይገምትም አሉ፤ አንዴ የተመዘገበ ግምት ለልጅ ልጅ እንደሚተርፍ ገብቷቸው ነበርና። ጦር ዘመተባቸው፣ ከአየርም ተደበደቡ፤ በመጨረሻ ግን አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ። የዚያ ትውልድ ልጆች ዛሬ የራሳቸውን ስንዴ ሌላ ሰው ሲገምትላቸው ዝም ብለው ይሰማሉ።

ሁለተኛው ወጥመድ የአምናው ዋጋ ነው፤ ይህኛውን ገበሬው ራሱ ይዞት ይመጣል። «አምና በ3,500 ሸጫለሁ፣ ዘንድሮ 4,200 አገኘሁ፤ ተመስገን» ይላል። ለምሳሌ በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሲያሻቅብ የአምናው ቁጥር የሚለካው ነገር አልነበረውም። ከአምናው የበለጠ ዋጋ አግኝቶም መክሰር ይቻላል። ከወጪው ጋር ያልተነጻጸረ ዋጋ ግን ኪሳራውን አያሳይም፤ ገበሬው የሚያውቀው በሰኔ ለዘርና ለማዳበሪያ እንደገና ሲበደር ነው።

የግብርና ባለሙያዎቻችንም ከዚህ ትችት አያመልጡም። በመስመር ዝራ፣ ምርጥ ዘር ተጠቀም፣ በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል አምጣ ይላሉ፤ አንዱ ኩንታል ስንት እንዳስወጣው ከገበሬው ጋር ቁጭ ብሎ ማስላትን ግን የሥራቸው አካል አያደርጉትም። ምርት ብቻውን እንደማያድን በ1994 ዓ.ም. ታይቷል፤ በቆሎ ተትረፍርፎ ዋጋው ሲወድቅ የማጨጃውን ወጪ እንኳ ስለማይመልስ ማሳ ላይ የተተወ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲቋቋም አንዱ ዓላማ የዋጋ መረጃን ለሁሉም ማድረስ ነበር። ሆኖም ቡናና ሰሊጥ በዚያ በኩል ሲያልፉ የጎጃም ስንዴና ጤፍ በአብዛኛው በደላላና በነጋዴ አፍ ላይ ቀረ።

አዳም ጋሊንስኪና ቶማስ ሙስዋይለር በ2001 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የድርድር ጥናት አንድ የሚጠቅም ነገር ይነግረናል። ዋጋ ቀድሞ የጠራ ወገን ያተርፋል፤ ነገር ግን ሌላኛው ወገን ስለ ራሱ ግብ እያሰበ ከገባ ይህ ብልጫ ይጠፋል። ስለዚህ ገበሬው ጆንያውን ከመስፋቱ በፊት ዘሩን፣ ማዳበሪያውን፣ የበሬውን፣ የአረሙን፣ የአጨዳውንና የውቂያውን ወጪ፣ የራሱንና የሚስቱን ጉልበት ጨምሮ በልጁ ደብተር ላይ ያስጽፍ። ደብረ ማርቆስና አዲስ አበባ እህል በረንዳ ትናንት በስንት እንደዋለ በስልክ ይጠይቅ። ገበያ ሲደርስ ነጋዴው አፉን ሳይከፍት ቁጥሩን እሱ ይጥራ። የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤትና የኅብረት ሥራ ማኅበራቱም በየገበያው ቀን ማለዳ፣ ሚዛን ከመሰቀሉ በፊት፣ የትናንቱን የደብረ ማርቆስ ዋጋ በትልቅ ሰሌዳ ጽፈው ገበያው መግቢያ ላይ ያቁሙ። ጠመኔና አንድ የስልክ ጥሪ ነው የሚጠይቀው፤ በጀት የለንም የሚል መልስ አልቀበልም።