መድፉን ማን ጎተተው?

ባለፈው የዕረፍት ቀን የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች የሆንን ጥቂት ተማሪዎች ተጠራርተን በፒያሳ የሚገኘውን የዐድዋ ድል መታሰቢያ ለመጐብኘት ሄደን ነበር። ይህ መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከጓደኞቻችን ብዙዎቹ ገብተው ያዩት ስለሆነ፣ ያየነውን አንድ በአንድ እየዘረዘርን አንባቢን ለማድከም አንፈልግም። ኰራን፤ ፎቶግራፍም ተነሣን፤ ወጣን። ነገር የመጣው ከወጣን በኋላ ነው።

ከፒያሳ በቸርችል ጐዳና ቁልቁል የወረደ ሰው ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ቆሞ ያገኛል። ሁልጊዜ በታክሲ መስኮት ስለምናየው ልብ ብለነው አናውቅም ነበር። በዚያን ዕለት ግን ገንዘባችን ለመግቢያ አልቆ በእግራችን እንሄድ ስለነበረ ቆመን አየነው። ከመካከላችን አንዱ፣ የወገዳ ልጅ፣ መድፉን ትኩር ብሎ ሲመለከት ቆየና «ለመሆኑ ይህን የጎተተው ማነው?» ሲል ጠየቀ። ሌላው ጓደኛችን ቶሎ ብሎ «ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸዋ!» አለው። ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ከዚህ የተሻለ መልስ ያለው ከመካከላችን አልተገኘም። ታሪክ የምናጠና ሁለት ተማሪዎች እዚያው ነበርን።

እውነተኛው ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ነው። ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል ሲሆን፣ ሰባ ቶን የሚለው ወሬ ከአድናቆት ብዛት የመጣ ይመስለናል። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች በንጉሡ ትእዛዝ ከአገሬው ሠራተኛ ጋር ሆነው አፈሰሱት። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። በጋይንት አልፈው፣ በጨጨሆ ወጥተው፣ የጅዳን ገደል ወርደውና ወጥተው፣ በሽሎን ተሻግረው መቅደላ ሲደርሱ ወሩ መጋቢት ሆኖ ነበር። ስድስት ወር ያህል የፈጀው መንገድ ስላልነበረ ነው፤ መድፉ ከመጐተቱ በፊት ገደሉ መቈረጥ፣ ቋጥኙ መፈንቀል ነበረበት። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋር ይደክሙ እንደነበር አብረዋቸው የነበሩት ፈረንጆች ጽፈዋል። ይህ በእውነት የሚያስደንቅ ነው። ከንጉሡ ጐን ሆኖ ሌላውን ድንጋይ ያነሣው ሰው ግን ስሙም፣ አገሩም፣ በዚያን ዕለት የበላውም አልተጻፈም።

ወገዳ ከዚያ መንገድ ወጣ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ነገር ግን ሠራዊት የሚበላው ከሚረግጠው መንገድ ዳር ብቻ አይደለም። ባለፈው ክረምት ከእኛ ሁለታችን ወገዳ በዚሁ ጓደኛችን ቤት ሰንብተን ሳለ፣ ቡናው እየተፈላ አያቱን ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ጠይቀናቸው ነበር። ስለ ጀግንነታቸው ይነግሩናል ብለን ደብተር አዘጋጅተን ነበር። እርሳቸው ግን ከአያታቸው የሰሙትን እንዲህ ሲሉ ነገሩን፤ «ኧረ ልጆቼ፣ ንጉሥ ደግም ሆነ ክፉ፣ ጦር መጣ ሲባል እህሉ ጉድጓድ ይገባል። ጦሩስ ያልፋል፤ ጉድጓዱን ለወታደር ያሳየው ጎረቤት ነው የማይረሳው።» ቀጥለውም የማን ቤተ ዘር ከማን ቤተ ዘር ጋር በዚህ ምክንያት ሳይጋባ እንደቀረ ዘረዘሩልን። ስሞቹን እዚህ አንጽፋቸውም፤ የልጅ ልጆቻቸው አብረውን ይማራሉ።

እንግዲህ የጦር ታሪክ ቤተ መዘክር ስንል ይህ ጉድጓድ በየትኛው መስታወት ውስጥ ይቀመጣል?

ጓደኞቻችን ስለ መቅደላ ዝርፊያ ሲናገሩ ደማቸው ይፈላል፤ የእኛም ይፈላል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ከተያዘ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ንብረቱን በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ሸጠው፤ ገንዘቡንም ለወታደሩ አከፋፈለው። የንጉሡ ቁንዳላ እንኳ ሳይቀር ተቈርጦ ሄዶ ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር እጅ ገባ፤ የተመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። የሰውን ፀጉር የሰበሰበ ቤተ መዘክር ለመመለሱ ምስጋና ይገባዋል ወይስ አይገባውም፣ አንባቢ ይፍረድ።

ሆኖም አንድ ነገር አለ። ቪክቶሪያና አልበርት በተባለው ሌላው የለንደን ቤተ መዘክር የሚታየው የወርቅ ዘውድ ሁላችንም የመቅደላ ዘውድ የምንለው ነው። ይህ ዘውድ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ አሠርተው ለጎንደር ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን የሰጡት እንደሆነ ይታመናል። ታዲያ የቁስቋም ዘውድ መቅደላ ምን ይሠራ ነበር? መልሱ መራራ ነው። በ1859 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር ጎንደርን ዘርፎ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጥሏል። ንጉሡ ከጎንደር የሰበሰቡት መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት መቅደላ ላይ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የታሰበ ነበር። እንግሊዞች የወሰዱት አስቀድሞ ከጎንደር ካህን እጅ የተወሰደውን ጭምር ነው።

ይህን ስንናገር የሚቈጡን እንዳሉ እናውቃለን። በመኝታ ክፍላችን ገና ሳንጽፈው «ለእንግሊዝ ጠበቃ ሆናችሁ!» ተብለናል። አልሆንንም። እንግሊዝ ዘውዱን ለቁስቋም ልመልስ ብሎ አልወሰደም፤ ሁለተኛው ወሳጅ በፊተኛው ወሳጅ ጥፋት አይነጻም። በ2010 ዓ.ም. ያ ቤተ መዘክር ዕቃዎቹን ለረዥም ጊዜ በውሰት ሊሰጠን እንደሚችል ሲናገር፣ የራስን ንብረት መዋስ ምን ማለት ነው ብለን ከጮኹት መካከል ነን። ዛሬም እንጮኻለን። ግን ዘውዱ ነገ ቢመለስና አዲስ አበባ መስታወት ውስጥ ቢገባ፣ ከሥሩ በሚለጠፈው ወረቀት ላይ «ከመቅደላ የተዘረፈ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ፣ የጎንደር ደብተራና የበጌምድር ገበሬ ለሁለተኛ ጊዜ ተዘርፈዋል ማለት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስን የምንወዳቸው በጋፋት እሳትና በጨጨሆ ዳገት ከሆነ፣ የጎንደሩንም እሳት ችለን ማንበብ አለብን። በልጅነት የሰማነውን ጀግና በዩኒቨርሲቲም ሳይነካ ማቈየት ከፈለግን እዚህ ድረስ መምጣት ባላስፈለገን።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበር የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በሚመጣው ክረምት ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ የምንሄድ ሁሉ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን እየጠየቅን፣ ሠራዊት ሲያልፍ ቤታቸው ምን እንደሆነ ከተናገሩበት ቃል ሳንለውጥ እንጻፍ። የመቅደላው ዘመን ብቻ አይደለም፤ የጣልያንም ጊዜ አለ፣ ከዚያ ወዲህም የመጣው አለ። በየጣራው ሥር ተሰክቶ ጢስ የሚጠጣውን ጦርና ጋሻ ከባለቤቱ ሳንወስድ፣ የማን እንደነበረና እንዴት እንደመጣ ብቻ እንመዝግብ። ቤተ መዘክር ለመሥራት ገንዘብ የለንም፤ ለዚህ ግን እርሳስና ደብተር ይበቃል። የወገዳዋን አሮጊት የጠየቅነው ያለ ምንም በጀት ነበር፤ እንዲያውም በሦስተኛው ቡና ላይ ቈሎ ጨምረውልናል።

ደብተሩን ማኅበሩ ይግዛልን ወይስ እያንዳንዳችን እንግዛ የሚለው በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲወሰን እንጠይቃለን። እርሳቸው ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል፤ ክረምትም ሩቅ ነው።