መጮህ ታውቃለች፤ መቆምስ?

ሰሞኑን የማታው ክፍላችን ውስጥ አንድ ክርክር ተነስቶ ነበር። ለመንዝና ለመርሐቤቴ መንገድ ትንሽ ስፖርት መኪና መያዝ ዕብደት ነው ወይስ አይደለም? የላንድክሩዘር ደጋፊዎች ድምፃቸው ከፍ ያለ ስለነበር አሸነፉ። እኔ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ዝም ያልኩት የምለው ጠፍቶኝ ሳይሆን ነገሩ እኔኑ ስለሚነካ ነው። ማታ ማታ በሩ አጠገብ የምትቆመውን ብርማ ያሪስ የማያውቅ የለምና። በአፍ ያልመለስኩትን በጽሑፍ ልመልስ ብዬ እነሆ ብዕሬን አነሳሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። መኪናዋን ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሆነን የገዛናት በ2010 ዓ.ም. ነው። ቶዮታ ያሪስ ነች፤ ግን ተራዋ አይደለችም፤ ከኋላዋ "ቲ ስፖርት" የሚል ጽሑፍ አለባት። ቶዮታ ይህችን ዓይነት በ2001 እ.ኤ.አ. ለአውሮፓ ገበያ ነው ያወጣት። ሞተሯ 1.5 ሊትር፣ ጉልበቷ በፋብሪካው አነጋገር 106 ፈረስ፣ ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ። መሪዋ ደግሞ ከመነሻው በግራ ነው። ይህን አንባቢ አቅልሎ እንዳያየው። በቀኝ መሪ ተሠርተው ወደ አገራችን ከመግባታቸው በፊት መሪያቸው የተገለበጠ ቪትዞች ጥቂት አይደሉም። ሲገለበጥ መሪው ብቻ ሳይሆን የፍሬኑ ፔዳልም ቦታ ይቀይራል። ስለዚህ ሥራው እንዴት እንደተሠራ ሥሯ ገብቶ በሚያይ መካኒክ ሳታስመረምሩ እንዳትገዙ አደራ!

ትንሽ መኪና በኢትዮጵያ ታሪክ የላትም የሚል ካለ ደግሞ ልቡን ይመልስ። አዲስ አበባ ስንት ዘመን በፊያት ሰይቼንቶ ታክሲ ተጉዛለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው። ቮልስ ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ዳገት ላይ የሚፈላ ራዲያተር እንኳ አልነበራትም። ይህ ለጨዋታ ያህል ነው፤ ወደ ራሴ ጉድ ልመለስ።

መኪናዋን እንደገዛን ያደረግነው ነገር አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። መጀመሪያ ከኋላ ክንፍ ገጠምንላት። ቀጥለን መስታወቷን አጠቆርን። ከዚያ ዋናውን ማርሚታ አውጥተን ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ሌላ ማርሚታ አስበየድን። ሞላሌ ገበያ ውስጥ ሳልፍ በግ ነጂው ሁሉ ዞሮ ሲያይ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ልዋሽ። ማርሚታውን ያስገጠምኩ ዕለት ለጋራዡ ሰው "ፍሬኑንም እይልኝ" አልኩት። ጎማ ፈቶ አየና "ሸራው ገና ነው፣ አታስብ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሸራው ገና ነበር። የፍሬኑን ዘይት ግን እሱም አላየው፣ እኔም አልጠየቅኩ። ገንዘቤ ማርሚታው ላይ አልቆ ነበራ!

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሸዋ ሮቢት ለቅሶ ልንደርስ ከሞላሌ ተነሳን። አጎቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት፣ እህቴ የስምንት ወር ልጇን ታቅፋ ከኋላ። ጣርማበር ላይ ጉሙ ፊት አያሳይም ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረውን ዋሻ አለፍን። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ብርድ ተነስቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ እስካለው የሸዋ ሮቢት ሙቀት ድረስ ቁልቁል ነው። እኔ ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጌ እለቃታለሁ፤ ነዳጅ መቆጠቤ ነው። ኩርባ ሲመጣ ፍሬን፣ ቀጥ ሲል መልቀቅ፣ እንደገና ፍሬን። ደብረ ሲናን አልፈን ወደ አርማንያ ስንወርድ ከፊቴ ጭነት የያዘ አይሱዙ እያዘገመ ነበር። ፍሬኑን ስረግጥ እግሬ ስፖንጅ የረገጠ መሰለኝ። ደግሜ ስረግጥ ፔዳሉ ወለሉ ጋ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰኮንድ በሰኮንድ አስታውሰዋለሁ። ፔዳሉን እያከታተልኩ ረገጥኩ፣ ሦስተኛ አስገባሁ፣ ሞተሯ አገሳች፣ ሁለተኛ አስገባሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩ፣ በቀኝ በኩል ለመንገድ ሥራ የተቆለለ አሸዋ ነበርና እሱ ላይ ወጣሁ። የፊት መከላከያዋ ተሰነጠቀ። ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ። ሌላ ጉዳት አልደረሰም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከአሸዋው ማዶ ግን ገደል ነበር።

አጎቴ ምንም አልተናገሩም። ወረዱ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት። ከኋላ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ማርሚታውን አዩና "መጮኹንስ ታውቅበታለች፤ መቆም ማን ያስተምራት?" አሉ። ከዚያ እህቴን ከነልጇ ይዘው የሚያልፍ ሚኒባስ አስቁመው ሄዱ። እኔ አሸዋው ላይ ቀረሁ።

አስገራሚው ከዚህ በኋላ ነው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ መካኒክ መጥቶ ፔዳሉን ቢረግጠው ድንጋይ ሆኖ ጠበቀው። "ምንም አልሆነችም እኮ፤ ደንግጠህ ነው" አለኝ። እኔም ለራሴ ተጠራጠርኩ። መልሱን ያገኘሁት በዚያው ዓመት እዚህ ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ያልተማሩ ይማሩበት ብዬ እጽፈዋለሁ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሆኖ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መመዘኛው ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ደጋግሞ የተረገጠ መኪና ዲስኩ የሚያመነጨው ሙቀት እስከ ዘይቱ ይደርሳል። ዘይቱ ይፈላል፣ እንፋሎት ይሠራል። ፈሳሽ አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል፤ ስለዚህ የእግራችሁ ኃይል እንፋሎቱን ሲጨምቅ ውሎ ሸራው ጋ አይደርስም። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ መልሶ ፈሳሽ ይሆንና ፍሬኑ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይመለሳል። ስንቱ ሾፌር በዚህ ምክንያት "ደንግጦ ነው" ተብሎ ይሆን? ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር ከማርሚታው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የሻይ ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው ጥፋቴ ዜሮ ማርሹ ነው። ይህን ልማድ የወረስነው ከድሮ ሾፌሮች ነው፤ በካርቡሬተር ዘመን ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ ያደርጉት ነበር። ኢንጀክሽን ያላት መኪና ግን ማርሽ ውስጥ ሆና እግር ከነዳጁ ፔዳል ሲነሳ ነዳጁን ጭራሽ ትዘጋዋለች፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ዜሮ ላይ ስትሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል አለባት። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ በዜሮ መውረድ ነዳጅ ያባክናል እንጂ አይቆጥብም፤ ፍሬኑንም ብቻውን ያስቀረዋል። ነገሩ ለጣርማበር ብቻ አይደለም። ከሙከጡሪ በለሚ አድርጎ የጀማን ገደል ወርዶ ዓለም ከተማ የሚሄድ ሁሉ በወጣበት ማርሽ ይውረድ። ዳገቱን በሁለተኛ የምትወጡት ከሆነ በሁለተኛ ውረዱት።

ታዲያ የእኔ አስተያየት ምንድን ነው? ትንሽ ስፖርት መኪና ለአገራችን ደጋ አትሆንም የሚለውን አልቀበልም። ቀላል ናት፣ ስለዚህ ፍሬኗ የሚያቆመው ክብደት ከላንድክሩዘር ግማሽ እንኳ አይሞላም። ኩርባ ላይ አትዋዥቅም። የማልቀበለው እኛ ስፖርት የምንለውን ነገር ነው። ስፖርት ማለት ለኛ ክንፍና ጩኸት ሆኗል። በመንዝ ደጋ ላይ ግን ፍጥነት የሚባለው ነገር ራሱ ከፋብሪካው ወረቀት ላይ ይቀራል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስስ ነዋ። ስለዚህ የኔዋ 106 ፈረስ ጓሳ ላይ ስትደርስ 75 እንኳ መሙላቷን እጠራጠራለሁ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ "መኪናዬ ሰነፈች" ብሎ ኢንጀክተር ያሳጥባል፣ ካንዴላ ይቀይራል፣ ጋራዥ ለጋራዥ ይንከራተታል። መኪናዋ አልታመመችም፤ ተራራ ላይ ናት።

ራዲያተሩንም አትርሱ። 3,000 ሜትር ላይ ውኃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ከዚያ በላይ እንዲቆይ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው፤ ጎማው ያረጀ ክዳን ያለው ሰው ዳገት ላይ ኮፈኑን ከፍቶ ሲቆም የምናየው ለዚህ ነው። የቧንቧ ውኃ ብቻ የሚሞሉም አሉ። ኧረ ተዉ! የታኅሣሥና የጥር ውርጭ የመንዝን መስክ ነጭ አድርጎ ሲያድር ሞተሩ ውስጥ ያለውስ ውኃ?

ጎማ ላይ ደግሞ እኔ ራሴ ወደ ኋላ ተመልሻለሁ። መኪናዋ የመጣችው በ15 ኢንች ቸርኬ፣ 185/55 ጎማ ነበር። ጠጠር መንገድ ላይ ቸርኬው በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጣመመ፤ ጎሚስታው በመዶሻ እየቀጠቀጠ መለሰልኝ። ከዚያ ለፍሬኑ እንደሚበቃ አስለክቼ ተራ የብረት 14 ቸርኬና 175/65 ጎማ አስገባሁ። የሁለቱ ጎማዎች ጠቅላላ ቁመት እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ ልዩነቱ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ የፍጥነት መለኪያው አልተዛባም። የጎማው ጎን ግን ከ102 ወደ 114 ሚሊ ሜትር ከፍ አለ። ያቺ አንድ ሳንቲ ሜትር ከምናምን ድንጋዩን ትቀበልልኛለች። ጓደኞቼ "የአስተማሪ መኪና አደረግሃት" ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። የነሱ ቸርኬ ሲጣመም እኔ ነኝ ጎትቼ የማመጣቸው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ የሚል ካለ፣ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ዓላማው አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነበር፤ ዓላማውን አልነቅፍም። ውጤቱ ግን ቀድሞ የገባችው አሮጌ መኪና ዋጋዋ ሰማይ ወጣ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረች መኖሯን ቀጠለች። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና በእርግጥ ለኛ ተራራ ጠባይዋ መልካም ነው፤ በአየሩ ስስነት ጉልበቷ አይቀንስም፣ ቁልቁለት ላይም ሞተሯ ራሱ እያቆመ ባትሪዋን ይሞላል። ግን ራቤል ላይ የት ይሞሏታል? እስከዚያ ድረስ እኔና ወንድሜ ያለችን ይህችው ሃያ ዓመት ያለፋት ያሪስ ናት። ብትወድቅ የሚተካት የለም፣ የተሳፈሩባትን ሰዎች ደግሞ ጭራሽ።

ለዓመታዊ ምርመራ ስንሄድ እንኳ ጭንቀታችን ቦሎው መለጠፉ ነው። አንድ ወዳጄ ለምርመራው ዕለት ደህና ጎማ ተውሶ አስገጥሞ፣ ቦሎውን ሲያገኝ መልሶ አወለቀው። ማንን አታለለ? መርማሪው እኮ ማታ ቤቱ ነው የሚያድረው፤ ቁልቁለቱን የሚወርደው ወዳጄ ነው።

ክንፏን ፈትቼ ሸጥኩት፤ በገንዘቡ የአራቱንም ጎማ የፍሬን ጎማዎችና ቱቦዎች ቀየርኩ። ማርሚታው ግን አሁንም አለ። ዋናውን ልመልስ ብዬ ብሄድ ጋራዡ ሸጦታል። ስለዚህ አሁንም ትጮኻለች፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ፈተና እያጠናችሁ ከበር ላይ የምትሰሙት እሱን ነው።

በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በተፈጠረው ግጭት መንገዱ እንደ ድሮው አልሆነምና ወደ ሞላሌ የምሄደው አልፎ አልፎ፣ ሰላሙን ጠይቄ ነው። አጎቴ ከአርማንያው ቀን በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ መኪናዋ ውስጥ አልገቡም። አሁን ይገባሉ፤ ግን ሥርዓት አላቸው። በሩን ሳይከፍቱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ይቆሙና "እስቲ ወረድ አድርጋት" ይሉኛል። ከቤታቸው በታች ያለችውን ቁልቁለት እወርዳለሁ። ከመጨረሻዋ ዛፍ ትይዩ ስደርስ ምርኩዙን ከፍ ያደርጋሉ፤ እዚያው መቆም አለብኝ። "በቅሎም ስንገዛ ዳገት አንጠይቃትም፤ ቁልቁለት ነው የምናስወርዳት" ይላሉ። ከቆመች ቀስ ብለው ወርደው ከፊት ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ሁለት ክንድ ያህል አሳልፌ ብቆም መልሰው አስደገሙኝ።