ድምፅ መጨረሻ ላይ የሚረጭ ቅመም አይደለም!

ወዳጆቼ፣ ልጆቼ፣ ዛሬ ትንሽ ይረዝማል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ሰሞኑን ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ ላፕቶፕ ታቅፈው ፍኖተ ሰላም ቤቴ ድረስ መጡ፤ አንደኛው ከቡሬ ነው የመጣው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣውን ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 እንደገና በራሳቸው እጅ እየሠሩት ነው። ገበሬው ያርሳል፣ ጎተራው ይሞላል፣ ጦሩ ይወጣል። ኮራሁባቸው! ጨዋታው ግን ዲዳ ነው። ለምን ስላቸው፣ «ቲቸር፣ ድምፅ እኮ መጨረሻ ላይ ነው፤ ከኢንተርኔት እናወርዳለን» አሉኝ።

ይቺን አባባል ከስንቱ ሰምቻታለሁ። ዛሬ ልጣላት ነው።

በስትራቴጂ ጨዋታ ስክሪኑ የሚያሳይህ የካርታውን ቁራጭ ብቻ ነው። አንተ እዚህ ስንዴህን ስታሳጭድ ከማዶ ጎተራህ ቢቃጠል የሚነግርህ ጆሮህ ነው። አባቶቻችን ነጋሪት የሚያስጎስሙት እኮ ለማማር ብቻ አልነበረም፤ አዋጅ ለማሰማት፣ ክተት ለማለት ነው። ዛሬም የሀገሪቱ ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ ስሙ ነጋሪት ጋዜጣ ነው። ድምፅ ወሬ ነጋሪ ነው፤ ከመጀመሪያው አብሮ ካልታሰበ ጨዋታው ጆሮ ሳይኖረው ያድጋል።

ቀጥሎ «እናወርዳለን» የምትለዋ። ልጆቹ እዚያው ፊቴ አንድ የተኩስ ድምፅ አውርደው አስገቡ። ስፒከሩ ጮኸ። ጓዳ የነበረችው ባለቤቴ ሮጣ መጥታ በሩን ዘጋች። ማናችንም አልሳቅንም። እኛ ያንን ድምፅ ከጨዋታ አይደለም የምናውቀው። ቀድቶ የለቀቀው ሰው ፍኖተ ሰላም ውስጥ ማን እንደሚሰማው አያውቅም። እኛ ግን እናውቃለን። ስለዚህ መምረጡ የኛ ሥራ ነው፤ ለማሽን የሚተው አይደለም።

«ለትርፍ ጊዜ ሥራ ይህን ያህል?» የምትሉኝ አላችሁ። የ1995ቱን ትራንስፖርት ታይኩን ዴሉክስ እንደገና የሠሩት የኦፕንቲቲዲ ሰዎችም በትርፍ ጊዜያቸው ነው የሠሩት። ለዓመታት ጨዋታው ያለ ዋናው ሥዕልና ድምፅ አይንቀሳቀስም ነበር። ፈቃደኞች ሥዕሉን እንደ አዲስ ሳሉ፤ ኦፕንኤስኤፍኤክስ የተባለ የድምፅ ስብስብ፣ ኦፕንኤምኤስኤክስ የተባለ የሙዚቃ ስብስብ አዘጋጁ። በ2010 እ.ኤ.አ. ስሪት 1.0 ሲወጣ ጨዋታው በራሱ እግር ቆመ። የሰው ድምፅ ተውሶ እስከኖረ ድረስ ግን የራሱ አልነበረም።

«ስልክ ይሞላል» ለምትሉ፦ ያልታመቀ የሲዲ ጥራት ያለው ሙዚቃ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ በኦግ ሲታመቅ ወደ 1 ሜጋባይት ይወርዳል። አንድ ዋሽንት ብቻውን ከዚያም ያንሳል። ሰበብ አይሆንም!

«የታወቀ ዘፋኝ ዘፈን እናስገባበት» ለምትሉ ደግሞ፦ ያ ሌብነት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የዜማ ደራሲውን ብቻ ሳይሆን የተጫወተውንና የቀዳውንም ይጠብቃል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የሁላችንም ቅኝቶች ናቸው፤ አንድ ሰው ተጨንቆ የቀዳው ዘፈን ግን የሱ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ2015 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያውያን ወደዚያው ጨዋታ በማስፋፊያ ሲገቡ ወታደሮቹና ገበሬዎቹ አማርኛ እንዲናገሩ ተደርጓል። ፈረንጅ በአማርኛ ያናገራቸውን ሰዎች እኛ ጎጃም ቁጭ ብለን ዲዳ እናድርጋቸው? ሽለላውና ቀረርቶው ደጃችን እያለ የሰው አገር መለከት እንዋስ?

በሉ፣ እንደ ድሮው የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ገጠር ያላችሁ፣ ገበሬው በሬውን ሲያናግር በስልካችሁ ቅዱልን። ቡሬ ያላችሁ፣ የገበያውን ጫጫታ። የቡሄ ጅራፍ ያለው ያጩህልን። ዋሽንት የሚነፋ አያት ያላችሁ፣ አስፈቅዳችሁ፣ ስማቸውን ጽፋችሁ፣ የድካማቸውንም ከፍላችሁ። ልጆቹን ያዘዝኳቸው፣ የሙዚቃውና የውጊያው ድምፅ ለየብቻ የሚጠፋበት ቁልፍ ይኑራቸው፤ በር ሮጦ የሚዘጋ ሰው እንዳለ አይርሱ።

ቅዳሜ ተመልሰው ይመጣሉ። ባዶ እጃቸውን እንዳትሸኙብኝ።